ከባድ የጭነት መኪኖች በመኖሪያ ሰፈር መንገድ ሲበዙ ምን ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የጥግ ቤት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በግራና በቀኝ መኖሪያ ቤቶች ብቻ በተደረደሩበት፣ ሁለት መኪኖች ሲተላለፉ አንዱ ጎማውን ወደ እግረኛው መንገድ ለማውጣት በሚገደድበት ጠባብ አስፋልት ዳር ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ይህ መንገድ የሰፈር መንገድ መሆኑ ቀርቶ የገልባጭ መኪኖች፣ የተሳቢዎችና የኮንክሪት ማደባለቂያ መኪኖች መተላለፊያ ሆኗል። ገና ሳይነጋ ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ወደ እኛ ሲቃረብ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ሲንኳኩ እሰማለሁ፤ መኪናውን ራሱን የምሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ከመኝታ ቤቴ መስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅም አለ፤ መጨረሻው ላይ በእርሳስ አጭር መስመር አስምሬ ቀኑን ጽፌበታለሁ።

ጎረቤቶች ተሰብስበን ስንነጋገር ሦስት ወገን ሆንን። አንዱ ወገን በየሃምሳ ሜትሩ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራ ይላል፤ ሁለተኛው በመንገዱ መግቢያ ላይ ከፍ ያለ መኪና የማያሳልፍ የብረት ማገጃ እንትከል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ፊርማ አሰባስበን እናመልክት ባይ ነው። እኔ ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት ነገሩን የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ መጣሁ። ጥያቄዬ ሁለት ነው፦ ከሦስቱ ሐሳቦች የሚሠራው የትኛው ነው? ስንጥቁስ በእርግጥ የእነዚህ መኪኖች ሥራ ነው ወይስ እኛ ተናደን ሁሉንም በእነርሱ ላይ እያላከክን ነው?

መልስ 1፦ አስፋልት

የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ የመጀመሪያውን ያቀልልናልና ከስንጥቁ ልጀምር። በመንገድና በድልድይ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ስለ ንዝረት የሚቀርበው አቤቱታ ሁልጊዜ እውነት ያለበት ቢሆንም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሰዎች ከሚጠረጥሩት የተለየ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መኪና መሬቱን የሚያናውጠው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ በዋናነት የሚያናውጠው ጎማው ካልተስተካከለ ነገር ጋር ሲጋጭ ነው። በልሙጥ አስፋልት ላይ በዝግታ የሚያልፍ ሠላሳ ቶን ጎረቤትን ላይቀሰቅስ ይችላል፤ ያው መኪና የሰመጠ የማንሆል ክዳን ወይም በግዴለሽነት የተደፈነ ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ ግን አክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት) መሬቱን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ስለዚህ አስቀድመው ከቤትዎ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ ሠላሳ ሜትር ያህል በእግርዎ ይሂዱና ጎማው የሚወድቅበትን ቦታ ይፈልጉ።

የመሬት ንዝረት የሚለካው መሬቱ በሰከንድ ስንት ሚሊ ሜትር ፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ በመመዝገብ ነው። ሰው ቤቱ ተቀምጦ በሰከንድ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህሉን ያውቀዋል፤ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ማማረር ይጀምራል። የጀርመን ደረጃ የሆነው ዲን 4150 ለመኖሪያ ቤት፣ ለአጭር ጊዜ ንዝረት ያስቀመጠው ዝቅተኛው ወሰን ደግሞ በመሠረቱ ላይ ሲለካ በሰከንድ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ሰውነታችን ንዝረትን የሚያውቀው ግድግዳው ከመጎዳቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው ማለት ነው። ከመስኮት ማዕዘን የሚነሣ ስንጥቅ ልስኑ ሲደርቅ፣ መሠረቱ በአንድ ወገን ሲሰጥም፣ አፈሩ ሲረጥብና ሲደርቅም የሚመጣ ነው። መኪኖቹን ነጻ ማውጣቴ አይደለም፤ ስንጥቁን ብቸኛ ማስረጃዎ ካደረጉት ግን የመጀመሪያው ባለሙያ ይጥለዋል። የእርሳሱ ምልክት ግሩም ነው፤ በዚያው ቦታ ላይ ማስመሪያ አስጠግተው በየወሩ ፎቶግራፍ ያንሡት።

የብርጭቆው ነገር ሌላ ነው። የከባድ ሞተር ጭስ ማውጫ የሚያወጣው ዝቅተኛ ድምፅ በአየር መጥቶ መስኮትንና ቀላል ዕቃን ያንቀጠቅጣል። አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ፦ መኪናው ሲያልፍ አንድ መዳፍዎን ወለሉ ላይ፣ ሌላውን መስታወቱ ላይ ያኑሩ። መስታወቱ ሲርገበገብ ወለሉ ዝም ካለ፣ ነገሩ የመጣው በአየር እንጂ በመሬት አይደለም።

እንግዲህ ጉብታው ለምን እንደማይጠቅም ከዚህ ይታያል። ጉብታ ማለት ሆን ተብሎ የተሠራ ያልተስተካከለ መንገድ ነው። ለትናንሽ መኪኖች ይጠቅማል፤ በባሌስትራ ለሚሄድ ገልባጭ ግን በየሃምሳ ሜትሩ መሬቱን የሚመታበት፣ ፍሬን የሚይዝበት፣ ከዚያም በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ የሚነሣበት ቦታ ይሆናል። ባዶ ከሆነማ ስፖንዳው ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጉብታ ካሠራችሁ ከጉብታው ፊት ለፊት የሚኖረው ጎረቤታችሁ የመጀመሪያው ከሳሽ ይሆናል።

ለአቤቱታችሁ ከስንጥቁ ይልቅ የሚጠቅማችሁ የመንገዱ ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ኦታዋ አጠገብ፣ የጭነት መኪኖችን ያለማቋረጥ በማመላለስ ትልቅ የመንገድ ፍተሻ ተካሂዶ ነበር። ከዚያ የተገኘውና እስከ ዛሬ የምንሠራበት ስሌት፣ የመንገዱ ጉዳት በግምት በአክስሉ ጭነት አራተኛ ርቢ ልክ ያድጋል ይላል፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል። በአንድ አክስሉ ላይ ሦስት ሩብ ቶን ያህል የሚያርፍበት የቤት መኪና ወስደን በአንድ አክስሉ 10 ቶን ከሚያርፍበት የጭነት መኪና ጋር ብናስተያየው፣ የሁለተኛው አክስል አንድ ማለፍ ከመጀመሪያው ከ30,000 በላይ ማለፎች ጋር ይስተካከላል። ከተፈቀደው ሠላሳ በመቶ አትርፎ የሚጭን ደግሞ በትንሹ የተላለፈ ቢመስልም ጉዳቱን ወደ ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል። ለሰፈር አገልግሎት በስስ ንጣፍ የተሠራ አስፋልት ይህን አይሸከምም፤ የመንገዱ ባለቤት የሆነው አካልም ከብርጭቆ ድምፅ ይልቅ ይህን ቋንቋ ቶሎ ይሰማል።

መልስ 2፦ ቆጣሪው

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፊርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት ቁጠሩ። የእኛ ሰፈር የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ በነበርኩበት ጊዜ ሁለት መቶ የሚያህል ፊርማ ይዘን ሄደን፣ «በቀን ስንት መኪና ያልፋል?» ተብለን ስንጠየቅ እርስ በርሳችን ተያየን። አንዳችን «መዓት ነው» አለ፤ ስብሰባው እዚያው አበቃ።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። በመንገዱ ሁለት ጫፎች ላይ አንዳንድ ሰው ይቀመጣል። ወረቀቱ በየ15 ደቂቃው ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ መኪና የአክስሉ ብዛት፣ አቅጣጫው፣ የጫነ ወይም ባዶ መሆኑ ይጻፋል። ባዶውን ለመለየት አትቸገሩም፤ አካሉ ይንኳኳል፣ የኋላ ባሌስትራውም ጎብጦ ይታያል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የሰሌዳውን የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች ከነሰዓቱ መመዝገብ ነው። በአንዱ ጫፍ የገባ ቁጥር ከሦስትና ከአራት ደቂቃ በኋላ በሌላው ጫፍ ከወጣ፣ ያ መኪና በሰፈራችሁ ጉዳይ የለውም፤ መንገዱን ማቋረጫ አድርጎታል። ሳይወጣ የቆየው ደግሞ ምናልባት ለጎረቤታችሁ ግንባታ አሸዋ ያመጣ ነው፤ እርሱን መከልከል አትችሉም፣ መከልከልም አይገባችሁም። ሁለቱ መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ ሳይለዩ መነጋገር ዋጋ የለውም። የሰሌዳ ዝርዝሩን በአደባባይ አትለጥፉ፤ ካዛመዳችሁ በኋላ ድምሩን ብቻ ይዛችሁ ወረቀቱን አስወግዱት።

እኛ ስንቆጥር ያገኘነው አስገራሚ ነገር፣ በሌሊት ስለሚመጡት ስንማረር የነበረ ቢሆንም ብዙዎቹ የሚያልፉት ተማሪዎች በሚወጡበት ሰዓት መሆኑ ነው። ሌሊት ጥቂት ነበሩ፤ የሚያስታውሳቸው የተቀሰቀሰው ሰው ብቻ ነው። አቤቱታችን ከዚያ በኋላ መልኩን ለወጠ።

መልስ 3፦ ባለ ሦስት አክስል

እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ፤ ገልባጭ እነዳለሁ፣ ቀደም ሲል ደግሞ የኮንክሪት መኪና ላይ ሠርቻለሁ። ማንም ሾፌር ጠባብ የሰፈር መንገድ ወዶ አይገባም። ልጅ ይሮጣል፣ የቆመ መኪና ስፔኪዮ ያስነካል፣ ሽቦ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። የሚያስገባን አንድ ነገር አለ፤ እርሱን ካልነካችሁ ምልክት ብቻ አያስቆመንም።

የኮንክሪቱን ብነግራችሁ፣ ሲሚንቶው ከውኃ ጋር ከተገናኘበት ሰዓት ጀምሮ በተለምዶ በ90 ደቂቃ ውስጥ መራገፍ አለበት። 8 ሜትር ኩብ የጫነ መኪና ጭነቱ ብቻ ወደ 19 ቶን ነው። ዋናው መንገድ ከተዘጋጋ ከኋላዬ እየጠጠረ ያለው ነገር ያስጨንቀኛል፤ ያኔ አቋራጭ ያየ ሰው አይመርጥም። ገልባጭ ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን የሚከፈለን በምልልስ ነው፤ ባዶ ስንመለስ የምንፈጥነውም ለዚሁ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ክፍያውን የሠራው ሰው ጭምር መሆኑን እወቁልን።

ሁለተኛ፣ የክልከላ ምልክት የሚተከልበት ቦታ። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ወደ ሰፈሩ ከታጠፍን በኋላ፣ የመጀመሪያው ቤት አጥር ላይ ነው። ተሳቢ ይዞ የገባ ሰው እዚያ ምን ያድርግ? ወደ ኋላ ቢመለስ ሰው ይገጫል፤ ስለዚህ ምልክቱን እያየ ያልፋል። ምልክቱ መተከል ያለበት ከመታጠፊያው በፊት፣ ሌላ መንገድ መምረጥ በሚቻልበት የመጨረሻ መጋጠሚያ ላይ ነው። በስልክ ካርታ የሚሄዱ አዳዲስ ሾፌሮችም አሉ፤ ካርታው ለቤት መኪና የተዘጋጀ ከሆነ የመኪናችንን ቁመትና ክብደት ስለማያውቅ በማንኛውም ቀዳዳ ይሰደናል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ እለምናችኋለሁ። ከጋቢናው ሆነን ከአፍንጫችን ሥር የቆመ ልጅ አይታየንም፤ በረዳቱ በኩል ባለው ጎንም እንዲሁ። ስንታጠፍ የተሳቢው የኋላ ጎማ ከፊተኛው ይበልጥ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ ማዕዘኑ ላይ የቆመ ሰው የፊቱ ካለፈለት አልፎለታል ብሎ ያስባል። ይህን ለልጆቻችሁ እስከ ነገ ሳትጠብቁ ንገሯቸው።

መልስ 4፦ መጋጠሚያ

የባለ ሦስት አክስልን ስለ ምልክት የጻፉትን በሙሉ እቀበላለሁ፤ «ምልክት ብቻ አያስቆመንም» የሚለውን ግን ለአቤት ባዮች ተስፋ እንዳይቆርጡ ትንሽ ላብራራው። ምልክት የሚሠራው የሚከለክለው ነገር በትክክል ሲገለጽና የሚከታተለው ሰው ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የጸደቀው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት ለዚህ የተለያዩ ምልክቶች አሉት፦ የጭነት መኪና ሥዕል ያለበት ቀይ ክብ፣ ከተጻፈው ቶን በላይ ጠቅላላ ክብደት ያለውን የሚከለክል፣ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈውን የሚወስን። ከሥሩ የምትጨመረው ትንሽ ሰሌዳ ናት ነገሩን የምታቃናው፤ በዚያው መንገድ የሚያራግፍ ወይም የሚጭን ካልሆነ በቀር የምትል ቃል ከሌለችበት ምልክቱ የነዋሪውን የቤት ዕቃ የሚያመጣውን መኪና ጭምር ይከለክላል፤ እርስዋ ካለች ደግሞ ተቆጣጣሪው አላፊውን ከአራጋፊው የመለየት ሥራ ይጠብቀዋል። ቆጣሪው የነገሯችሁ የሁለት ጫፍ ምዝገባ ለዚህም ያገለግላል።

ስለ ብረት ማገጃው በአጭሩ፦ አትትከሉት። ከፍ ያለውን መኪና ሁሉ የሚያግድ ብረት የእሳት አደጋ መኪናንም ያግዳል። ተቆልፎ የሚከፈት ቢሆን እንኳ ቁልፉ ሌሊት የማን እጅ ላይ እንደሚገኝ አስቀድማችሁ መልሱ። አካላዊ መከላከያ የግድ ካስፈለገ መታጠፊያውን ማጥበብ ይሻላል፤ የመንገዱን ጠርዝ በማዕዘኑ ላይ ወደ ውስጥ ማስገባት ረጅሙን ተሳቢ እንዳይታጠፍ ያደርገዋል፣ እግረኛውም የሚሻገረው ርቀት ያጥርለታል። ጠርዙ ዝቅ ብሎ ከተሠራ የእሳት አደጋ መኪና ሊወጣበት ይችላል። ይህም ቢሆን የመንገዱ ባለሥልጣን ሳይፈቅድ የሚሠራ አይደለም።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ መኪኖቹ ከእናንተ ሲከለከሉ የት እንደሚሄዱ ነው። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል እንደሚባለው፣ አንድ መንገድ ብቻውን ሲዘጋ ጭነቱ ወደ ጎረቤት መንገድ ይዞርና ከወር በኋላ እነርሱ ፊርማ ይሰበስባሉ። ለዚህ ነው የከተማው መፍትሔ በአካባቢ ደረጃ መሆን ያለበት። ለንደን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ18 ቶን በላይ የሚመዝኑ መኪኖችን በሌሊትና በሳምንት መጨረሻ ትቆጣጠራለች፤ መኪኖቹ በተቻለ መጠን በዋና ዋና መንገዶች እንዲሄዱና ወደ ሰፈር መንገድ የሚገቡት ለመድረሻቸው በሚቀርበው ነጥብ ላይ ብቻ እንዲሆን ታስገድዳለች። አሠራሩን መቅዳት የለብንም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፦ መጀመሪያ የሚሄዱበት መንገድ ይሰየማል፣ ክልከላው ከዚያ ይከተላል።

ስለ ድምፅ ደግሞ የምትጠይቁትን በጥንቃቄ ምረጡ። የመኪኖቹን ቁጥር በግማሽ ማስቀነስ ትልቅ ድል ይመስላል፤ በመለኪያው ላይ ግን አማካይ ድምፁ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ በግማሽ የቀነሰ መስሎ ለመሰማት ወደ 10 ዴሲቤል ያህል ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የሌሊት የመንገድ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ «መኪኖች ይቀንሱ» ከማለት «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት አይለፉ» ማለት ለእንቅልፍ ይጠቅማል፤ የሚሰጠውም ቶሎ ነው። ከሌሊቱ ጋር ተማሪዎች የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ሰዓት ጨምሩበት።

ምልክቱ ከተተከለ በኋላ ካርታ ላይም ይግባ። ኦፕንስትሪትማፕ ማንም ተመዝግቦ የሚያርመው ካርታ ሲሆን የክብደት ገደብና የጭነት መኪና ክልከላ የሚጻፍበት ቦታ አለው። መሬት ላይ የሌለ ክልከላ መጻፍ ግን ካርታውን ማበላሸት ነው፤ ይህን ያደረጉ ተቆርቋሪዎች አጋጥመውኛል።

ጠያቂው ተመልሰው፦ የጥግ ቤት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጎረቤቶቼ ጋር ሁለት ቀን ቆጠርን። ከሁለቱ ጫፎች ያዛመድናቸው ቁጥሮች እንደሚያሳዩት ከሚገቡት ውስጥ ብዙዎቹ ሳይቆሙ ያልፋሉ፤ ደግሞ ተመላልሰው የሚመጡት ያው ጥቂት መኪኖች ናቸው። ጭነው በአንድ አቅጣጫ ያልፋሉ፣ ባዶ በተቃራኒው ይመለሳሉ። ተከታትለን ስናይ ሁሉም የሚሄዱት ከሰፈራችን ውጭ ወዳለ አንድ ትልቅ ግንባታ ነው። ስለዚህ የምንነጋገረው ከመቶ ሾፌሮች ጋር ሳይሆን ከአንድ የስምሪት ክፍል ጋር መሆኑ ለእኛ ትልቅ ግኝት ነው።

የመዳፉን ሙከራም አደረግሁ። መስታወቱ ሲርገበገብ ወለሉ ዝም ይላል፤ አንድ ቦታ ብቻ፣ ከቤቴ ወረድ ብሎ ቀደም ሲል ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ የተደፈነው ቦታ ላይ መኪና ሲወድቅ፣ ወለሉም አንዴ «ዱብ» ይላል። ድፍኑ ከአስፋልቱ ወደ አራት ጣት ያህል ሰምጧል። ለጉብታው ሊዋጣ የነበረው ገንዘብ ለጊዜው ቆሟል፤ የብረት ማገጃው ደጋፊዎችም የቁልፉን ጥያቄ ስናነሣባቸው ዝም አሉ። አሁን ለግንባታው ኃላፊዎችና ለመንገዱ ባለሥልጣን ደብዳቤ ልጽፍ ነው። አንድ ደብዳቤ ለሁለቱም ይበቃል?

መልስ 5፦ አስፋልት

አይበቃም፤ ሁለት ደብዳቤ ይሁን። ለግንባታው የሚጻፈው ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ የስምሪት ክፍሉ ሾፌሮቹን በዋናው መንገድ እንዲያመላልስና ይህንኑ በመንገድ መውጫ ወረቀታቸው ላይ እንዲጽፍ፣ የመጀመሪያው ምልልስ የሚጀምርበት ሰዓት እንዲወሰን፣ ነዋሪው የሚደውልበት አንድ ኃላፊ እንዲሰየም። የቆጠራችሁትን ድምር አያይዙ፤ ስለ ስንጥቁ እዚህ አይጻፍ።

ለመንገዱ ባለሥልጣን በሚጻፈው ደግሞ የክብደት ገደብ ምልክት ከመታጠፊያው በፊት እንዲተከል ጠይቁ፤ የሰመጠውንም ድፍን በራሱ አንቀጽ ለይታችሁ አመልክቱ። እርሱ ከሁሉም ቀድሞ ሊሠራ የሚችል ነው። ሲሠሩት ቆማችሁ እዩ፦ ጠርዙ በመጋዝ ቀጥ ተደርጎ ካልተቆረጠ፣ ከሥር ያለው አፈርም በስስ ስስ ንብርብር እየተጠቀጠቀ ካልተሞላ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ያው አራት ጣት ይመለሳል።